ፕሪቲየር፦ ከቅርጽ ጭቅጭቅ የገላገለኝ መሣሪያ

የፕሮግራሚንግ ትምህርት ስጽፍ ራሴን የሚያዞረኝ ኮዱ ሳይሆን ቅርጹ ነበር። በአንዱ ምሳሌ መስመሩ በ2 ክፍተት ወደ ውስጥ ይገባል፣ በቀጣዩ በ4፤ እዚህ ነጠላ ጥቅስ፣ እዚያ ድርብ። ጀማሪ አንባቢ ደግሞ ልዩነቱ ትርጉም ያለው ይመስለውና ግራ ይጋባል።

ፕሪቲየርን የወደድኩት ለዚህ ነው። የኮድን ቅርጽ በራሱ ወጥ አድርጎ የሚያስተካክል፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ነፃ መሣሪያ ነው። ማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች የሚቀረጽ ጽሑፍ) ፋይል ውስጥ ያለውን የጃቫስክሪፕት ኮድ ሳይቀር ያስተካክላል፣ ብቻ ኮዱን ከሚከፍቱት ሦስት ባክቲክ (```) ቀጥሎ የቋንቋውን ስም መጻፍ እንዳትረሱ፣ ካልጻፋችሁ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ሌላም ወጥመድ አለ። «ቀሪው ኮድ እዚህ ይገባል» ለማለት ሦስት ነጥብ ጣል ካደረጋችሁ የኮዱ ሲንታክስ (የአጻጻፍ ሕጉ) ይበላሻል፤ ያኔ ያንን ምሳሌ ሳይነካው ይሄዳል፣ ያውም ምንም ሳይነግራችሁ! እኔ አሁን ነጥቦቹን ኮሜንት (እንደ ኮድ የማይቆጠር ማስታወሻ) ውስጥ ነው የማስገባቸው።

የመስመሩ ርዝመት ካልቀየራችሁት 80 ፊደል ነው። በስልክ ለሚያነብ ይበዛል፣ እኔ 60 አድርጌዋለሁ። አማራጮቹ ጥቂት መሆናቸው አንዳንዱን ሰው ያናድዳል፣ ለእኔ ግን ግልግል ነው። ፓይተን ከሆነ የምትጽፉት ብላክ የሚባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ ሞክሩ።