እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ!

ይህን የምጽፈው ብስክሌቴን የጠገኑልኝን ጋሼን ለማመስገን ነው፤ ግን መጀመሪያ ትንሽ ላማርር።

የአባቴ ብስክሌት የድሮ ራሌ፣ የእንግሊዝ ሥሪት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች። ፍሬኗ ገመድ የለውም፤ በብረት ዘንግ ነው የሚሠራው። እጀታውን ስትጨብጡት ዘንጉ የፍሬኑን ላስቲክ ወደ ላይ ስቦ ከቸርኬው ሆድ፣ ከውስጠኛው ጎኑ ጋር ያጣብቀዋል። የአሁኖቹ ላስቲኮች ግን ቸርኬውን የሚይዙት ከግራና ከቀኝ ነው። አይገጥሙም። ይቺን ለማወቅ ስንት ቦታ እንደተንከራተትኩ!

አንዱ ጋ "ይሄማ ለሙዚየም ነው" ተብዬ ተሳቀብኝ። ሌላው ያልሆነ ዳዶ በግድ አስገብቶ የብሎኑን ጥርስ በላው። ሦስተኛው ገጠመልኝ፤ ከፍዬ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ላስቲኩ ከያዘው ብረት ቤቱ ተፈናጥሮ ወጣ! በጫማዬ መሬት እየፋቅኩ ነው የቆምኩት። ተመልሼ ስናገር "አሮጌ ስለሆነ ነው" አለኝ።

ከዚያ ጋሼ ጋ ደረስኩ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ጎንበስ ብለው አዩና "ልጄ፣ ማነው ገልብጦ የገጠመው?" አሉኝ። ለካ የላስቲኩ ቤት አንድ ጫፉ ክፍት ነው። የተዘጋው ጫፍ ቸርኬው ወደሚሽከረከርበት አቅጣጫ ካልዞረ፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ቸርኬው ላስቲኩን ጎትቶ ያወጣዋል። ያ ሁሉ ሰው ያላየውን በአንድ እይታ!

ቀጥለው አንድ ጣሳ አወጡ። ከሞቱ ብስክሌቶች የተፈታ ብሎንና ዳዶ ጢም ብሎበታል። አንድ በአንድ በጣታቸው ሞከሩ። ቁልፍ አልነኩም። "በጣት ካልጀመረ የሱ አይደለም" አሉ። ስለ ጥርስ ልዩነት ብዙ አስረዱኝ፤ እውነቱን ለመናገር አልገባኝም። አንድ ሰዓት ሙሉ ለአንዲት ዳዶ! ስትገባ ከኔ በላይ የተደሰቱት እሳቸው ናቸው። የዳዶዋንም ሂሳብ አልቀበልም አሉ።

አባቴም እንዲሁ በጣቱ ነበር የሚጀምረው። እኔ ካቻቢቴ አቀባይ ነበርኩ። ብቻ ምን አስወራኝ!

የድሮ ብስክሌት ያላችሁ፣ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ። የገመድ ፍሬን ያላችሁም ሂዱ፤ ማፋክ ለሚባለው ለድሮ የፈረንሳይ ፍሬን ጥቃቅን ዕቃ ፍለጋ የመጣ ልጅ እኔ እያየሁ አግኝቶ ሄዷል። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ። ፎቶ ብቻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ፤ የተሰበረውን ዕቃ ራሱን ውሰዱ። ቤት ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ብሎን ካለም አትጣሉት፤ ለጣሳው ውሰዱላቸው።