ጣራችን ላይ የወደቀውን ግራቪሊያ ያነሱልን ዛፍ ቆራጮች

ቀበናና ስድስት ኪሎ አካባቢ ዛፍ ማስቆረጥ ለምትፈልጉ ይጠቅማችኋል ብዬ ነው የምፅፈው። ነሐሴ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ጎረቤታችን እማማ ግቢ ያለው ትልቁ ግራቪሊያ ከወገቡ ተሰብሮ አጥሩን አልፎ የኛ ማድቤት ጣራ ላይ ተጋደመ። 5 ቆርቆሮ ጨረሰ፣ ሰው ግን አልነካም ተመስገን። ግራቪሊያ ቶሎ ያድጋል ጥላውም ደስ ይላል ግን ቅርንጫፉ ንፋስ አይችልም፣ ቤት አጠገብ ያላችሁ ክረምት ሳይገባ አስመልምሉት።

አምና ከዚሁ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ እኛ ጋ ወድቆ ሌላ ቆራጭ ጠርተን ነበር። ሰውዬው እናንተ ግቢ የወደቀ የናንተ ነው ብሎ እንጨቱን በዋጋው አስቦ ጭኖት ሄደ፣ እኛም እውነት መስሎን ዝም አልን፣ ማታ እማማ መጥተው "እንጨቴስ?" ሲሉን የምንለው ጠፋን። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸው በእጃቸው የተከሉት ዛፍ ነው። እስከ ፋሲካ ድረስ ቡና አልተጠራራንም፣ አሁንም ሳስበው ያሳፍረኛል።

የዘንድሮዎቹ 4 ልጆች ናቸው፣ ሞተር መጋዝና ገመድ ይዘው የሚዞሩ። ገና ከበር ሲገቡ የጠየቁት ግንዱ የበቀለው የማን ግቢ ነው ብለው ነው፣ የጎረቤት ነው ስንላቸው እሳቸው ካልመጡ መጋዝ አናስነሳም አሉ። ለኔ እዚች ጋ ነው ስራቸው ያለው። ምክንያቱም የዚህ ስራ ዋጋ የሚወሰነው እንጨቱን ማን ይወስዳል በሚለው ነው፣ እንጨቱ ለናንተ ይቅር ካላችሁ 11,000 ብር፣ እነሱ ከወሰዱት 6,500፣ የኛ ያልሆነውን እንጨት በክፍያ ብንሰጥ ደግሞ የሰው ንብረት ሸጥን ማለት ነው። መሬቱን እንደሆነ ህገ መንግስቱ አንቀፅ 40 ላይ የመንግስትና የህዝብ ነው ይላል፣ በጉልበትህና በገንዘብህ ላዩ ላይ ያፈራኸው ግን ያንተ ነው፣ እና እማማ ግቢ ያደገ ዛፍ አጥር ስለተሻገረ ባለቤት የሚቀይር አይመስለኝም። የጣራው ጉዳት ደግሞ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው፣ ሳይነጋገሩ እንጨት አንስቶ ማካካሻ ነው ማለት አይሆንም።

እማማ መጡ፣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ወፍራሙን ግንድ ጣውላ አሰንጥቀው አግዳሚ ሊያሰሩበት ፈለጉ፣ ጭራሮው ለኛ ማገዶ ይሁን አሉ፣ መሀሉን ልጆቹ ወሰዱና 8,500 ላይ ተስማማን፣ ግማሽ ግማሽ ከፈልን። ከቆርቆሮውም 3ቱን እኔ እገዛለሁ አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ስራው ላይ ጥንቃቄያቸው ደስ ይላል። አንዱ ቅርንጫፍ የመብራት ሽቦ ላይ ተደግፎ ስለነበር ለመብራት ኃይል 905 ተደውሎ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ንክች አላደረጉትም። ከዛ ከጫፍ እየጀመሩ ቁራጩን ሁሉ በገመድ እያሰሩ ቀስ እያሉ ነው ያወረዱት፣ ምክንያቱም እንደዛ ተወጥሮ የተጋደመ ግንድ ዝም ብለህ ከመሀሉ ከቆረጥከው ይፈናጠርና ሰው ይገላል። አንድም ተጨማሪ ቆርቆሮ አልተጎዳም።

የማልወደው ነገር ነበር፣ 3 ሰዓት ብለው 5 ሰዓት ነው የመጡት፣ የመጋዙን ብናኝም አሸንዳ ውስጥ ትተውት ሄደው ከሰዓት ሲዘንብ ተደፍኖ ውሃው በግድግዳው ወረደ። ደውዬ ስነግራቸው አንዱ በማግስቱ መጥቶ ጠረገው ይቅርታም ጠየቀ፣ ግን መጀመሪያውኑ መጥረግ ነበረባቸው።

እማማ ግቢ አንድ ሌላ ግራቪሊያ ቀርቷል፣ እሱን ጥቅምት ላይ እንዲመለምሉልን ከእማማ ጋር ሆነን ቀብድ ሰጥተናቸዋል።