የእማዬን እግር ጭኗ ላይ ላስቀመጠችው ዶክተር

ይሄን ምስጋና የዛሬ ወር መጻፍ ነበረብኝ። ውጤቱ ሳይመጣ ማመስገን ፈርቼ ነው የዘገየሁት። አሁን መጣ። ካንሰር አይደለም፣ ተመስገን! ትንሽ ሊረዝምብኝ ነው፣ ታገሱኝ።

እማዬ 67 ዓመቷ ነው። ዓምና ለጥምቀት እግሯን ሳጥባት በግራ ውስጥ እግሯ፣ ተረከዟ አጠገብ፣ አንድ ጥቁር ነጥብ አየሁ። «ማርያም የሳመችኝ ነው» አለችኝ። እኔ ግን ያንን እግር አውቀዋለሁ፤ ገበያ ቆማ ውላ ስትመጣ እያበጠባት ስንት ዓመት አሽቼዋለሁ። ነጥብ የሚባል ነገር አልነበረበትም። «ማርያም ደግሞ በ67 ዓመት መሳም ጀመረች?» ብያት ተሳሳቅን። ክረምት ሲገባ ግን ነጥቡ ሰፋ፣ ዳር ዳሩ ተቆራረጠ፣ አንዱ ጎን ቡናማ አንዱ ጎን ጥቁር ሆነ። እሷ ምንም አይመስላት፣ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ የተንከራተትነው አይወራም። ስም አልጠራም። መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ ሐኪሙ እማዬ ጫማዋን ሳታወልቅ መድኃኒት ጻፈላት። አዎ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ! እኔ እየነገርኩት እሱ ስልኩን እያየ «ፈንገስ ነው» አለ፣ አለቀ። ያንን ቅባት ሦስት ወር ቀባናት። ሁለተኛው ቦታ ገና ከመግባታችን የደም፣ የሽንት፣ የሰገራ ምርመራ አዘዙ። የእግር ነጥብና ሰገራን ምን እንደሚያገናኛቸው እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ብሩን ግን ከፍለናል። ፈራ ተባ እያልኩ «ካንሰር ይሆን እንዴ?» ብዬ ብጠይቅ ሳቁብኝ። የፈረንጅ በሽታ ነው፣ ጥቁር ሰው አይይዘውም ተባልኩ። ሦስተኛው ደግሞ «እጁ ያድናል» ተብሎ የተጠቆምነው ሰው ነው። ምላጭ አውጥቶ ልፋቀው አለ! እማዬ እሺ ልትል ስትል እጇን ጎትቼ ወጣሁ።

አለርት ሆስፒታል ሂዱ ያለችን የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ እሷንም እግዜር ይስጣት። ግን ሰፈሩ ዘነበወርቅ ነው ስላት የእማዬ ፊት ተለዋወጠ። «ሥጋ ደዌ ያዘኝ ልትዪ ነው? ሰው ቢያየኝስ?» እውነቷን ነው፣ በእሷ ዘመን የሰፈሩ ስም የሚነሳው ከዚያ ጋር ነበር። አለርትም በ1958 ዓ.ም. ሲቋቋም ለሥጋ ደዌ ነበር። እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዓመት ቆዳ ሲያይ የኖረ ቤት ካላወቀው ማን ሊያውቀው ነው ባይ ነኝ። እስክትሰማኝ ሳምንት ፈጀ። ታክሲ ውስጥ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ነው የሄደችው።

ሌላም ጉድ አለ። ከሁለት ቀን በፊት የአክስቴ ልጅ ሠርግ ነበርና እማዬ እግሯን እንሶስላ ሞቃለች። ነጥቡ የለም! ውስጥ እግሯ እንዳለ ቀልቷል። እንግዲህ ዛሬም ተቆጥተው ሊመልሱን ነው ብዬ ሆዴን ባር ባር አለኝ።

ዶክተሯ ከእኔም ታንሳለች። እማዬን አየት አድርጋ «እማማ፣ ሙሽራዋ እርስዎ ነበሩ እንዴ?» አለቻት። ከዚያ ዝቅ ያለች ዱካ ስባ ተቀመጠች፣ የእማዬን ጫማ ራሷ ፈታች፣ እግሯን አንስታ ጭኗ ላይ፣ ነጩ ጋወን ላይ አስቀመጠችው። እማዬ እግሯን ልትነጥቅ ታገለች፤ «ኧረ በእመቤቴ! አቧራ ነው ልጄ፣ ልብስሽ!» ዶክተሯ ሳትለቅ «ጸሎተ ሐሙስ ነው ብለው ይያዙት እማማ» አለች። እማዬ ዝም አለች። ቀና ስል እንባዋ ይወርዳል። ሰው ይጠየፈኛል ብላ ተሸፋፍና የመጣች ሴትዮ እግሯ የሰው ጭን ላይ ተቀምጧል። እኔም አልቻልኩም፣ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

መብራት ያላት ትንሽ ማጉያ አላት፣ በዚያች እንሶስላው ውስጥ ፈልጋ አገኘችው። ስልኬ ላይ በየወሩ ያነሳሁትን ፎቶ ሳሳያት «አንቺ ጎበዝ» አለችኝ። ከዓመት ወዲህ ጎበዝ ያለኝ ሐኪም እሷ ብቻ ናት። ስለ ምላጩ ስነግራት ደግሞ ዓይኗን ጨፈነች። እንኳን አልነካው አለች፣ ቢፋቅ ኖሮ ምን እንደነበር ማወቅ ይከብድ ነበር።

እኛ የሄድነው ለአንድ ነጥብ ነው፣ እሷ ግን ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር አየቻት። መጋረጃው ተዘግቶ፣ ሲስተሯ አብራን ሆና፣ የሚታየው ቦታ ብቻ እየተገለጠ ሌላው በነጠላ እየተሸፈነ። ጀርባ፣ ብብት፣ ከጆሮ ጀርባ፣ መዳፍ፣ የጣት መሃል፣ የጥፍር ስር፣ አፍ ውስጥ ሳይቀር። አያምም፣ መርፌም የለውም። ሹሩባዋን ግን መፍታት ነበረብን። እናንተ ስትሄዱ ጸጉራችሁን ፈታችሁ፣ የጥፍር ቀለም አስለቅቃችሁ፣ እንሶስላም ሂናም ሳትነኩ ሂዱ፣ እንደኛ አትሁኑ።

እኛ ጥቁሮች ላይ ክፉው ዓይነት የቆዳ ካንሰር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው አለችን፤ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ስር። ቦብ ማርሌም በ36 ዓመቱ የሞተው ከእግሩ ጣት ጥፍር ስር በጀመረ የቆዳ ካንሰር ነው። እማዬ ቦብ ማርሌን አታውቀውም፣ ግን «ነፍስ ይማር» አለች።

ነጥቡን እዚያው አደንዝዛ ቆርጣ አወጣችው። ማደንዘዣው «እንደ ጉንዳን ነከሰኝ» አለች እማዬ፣ ሌላ አልተሰማትም። ከዚያ ስፌት፣ ሁለት ሳምንት በአንድ እግር ማነከስ፣ ውጤት መጠበቅ። የመጠበቁን ነገር ተዉት፣ ያለፈበት ያውቀዋል። ውጤቱ ሲመጣ የሆነ ረጅም ስም ጠርታልኝ ነበር፣ ደስታዬ ብዛቱ ወዲያው ጠፋኝ። የያዝኩት «ክፉ አይደለም፣ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፣ በየ6 ወሩ ላያት» ያለችውን ብቻ ነው።

ስሟን እንዳልጽፍ አደራ ብላኛለች። የአለርት ቆዳ ክፍል ሂዱ፣ ሰው ብዙ ነውና በጠዋት ሂዱ። ወረፋ ላይ አልቢኒዝም ያለበት፣ ማለት ቆዳውና ጸጉሩ ቀለም አልባ ሆኖ የተወለደ ልጇን ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ የያዘች እናት አጠገባችን ነበረች። ምንም ሳያመው በየጊዜው እያመጣች ታሳየዋለች፣ ለእሱ ፀሐይ ጠላት ነው አለችኝ። እኔ እናቴን ሦስት ወር ሙሉ ቅባት ስቀባ የኖርኩት አፈርኩ። እባካችሁ ሂዱ፣ የወላጆቻችሁን ጫማ አስወልቃችሁ እዩ።

እማዬማ ብሶባታል። የ21 ማርያም ማኅበር ላይ ጠበል ጸዲቁ ሳይነሳ ሴቶቹን ሁሉ ጫማ አስወልቃ ውስጥ እግር ስታይ ዋለች። አንዷ ላይ ነጥብ አግኝታ ሰኞ ልትወስዳት ነው። በጠዋት ወረፋ እንድይዝ የታዘዝኩት ደግሞ እኔ ነኝ።