ስምንት ወር ከቴስተሬ ጋር፣ ከአሮጌ ፒክአፕ ሥር

ቴስተር (ቮልት፣ ከረንትና ሬዚስታንስ የሚለካ መሣሪያ) እንድገዛ ያስገደደኝ አንድ ፊውዝ ነው። የአሮጌው ፒክአፔ የፓርኪንግ መብራት ፊውዝ በአንድ ሳምንት አራት ጊዜ ተቃጠለ። አዲስ እተካለሁ፤ ኮረኮንች ስገባ ከኋላ ድርግም። «ባለ 10 አምፒሩን ትተህ ባለ 20 ክተትበት» ያለኝ ሰው ነበር። እሺ ብል ኖሮ በፊውዙ ፈንታ ሽቦው ይቃጠል ነበር።

መጀመሪያ ላይ በቴስተሩ ተሳስቻለሁ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈታሁ፣ ፊውዙን ነቀልኩ። የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ወደ መብራቱ በሚሄደው የፊውዝ ቤት፣ ሌላውን ሻሲው (የመኪናው ብረት) ላይ አደረግኩ። ጢጢጢ አለ፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ለኤሌክትሪክ መንገድ አለ ማለት ነው። ሾርቱን (ሽቦው ከመኪናው ብረት ጋር መነካካቱን) ያገኘሁ መስሎኝ ሁለት ምሽት ዳሽቦርድ ስፈታ አመሸሁ። ለካ የጮኸው በአምፖሎቹ በኩል ነው! የቀዘቀዘ የአምፖል ክር ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ) በጣም ትንሽ ስለሆነ፣ ጩኸቱ ከሾርት አይለየውም። አምፖሎቹን በሙሉ ሳወጣ ዝም አለ።

ሥራውን ያቀለለልኝ ያ ዝምታ ነው። ጫፎቹን እዚያው አስሬ ከመኪናው ሥር ገባሁ፤ የሽቦውን እሽግ ከፊት ወደ ኋላ እየነቀነቅኩ ሄድኩ። የኋላ ጎማው አካባቢ ስደርስ ጮኸ። ሽቦው በሻሲው ቀዳዳ በሚያልፍበት ቦታ መከላከያ ጎማዋ ወድቃለች፣ የብረቱ ጠርዝ ፕላስቲኩን ልጦታል። መዳቡ ይታያል፤ ጠርዙ ላይ ጥቁር የቃጠሎ ነጥብ አለ። የተጎዳውን ቆርጬ ቀጠልኩ፣ በናስትሮ ጠቀለልኩ፣ አዲስ ጎማ አስገባሁ። ከዚያ ወዲህ ያ ፊውዝ አልተቃጠለም።

ባትሪው እያደር ሲደክምም ደርሶልኛል። መኪናው ጠፍቶ የሚወስደውን ከረንት ስለካ 380 ሚሊአምፒር ሆነ፤ ከ50 በታች መሆን ነበረበት። ፊውዞቹን አንድ በአንድ ስነቅል፣ የቴፑ ላይ ስደርስ ወደ 30 ወረደ።

የማልወድለት ነገር አለ። 15 ደቂቃ ካልነካሁት ራሱን ያጠፋል። ከመኪናው ሥር ተኝቼ ሽቦ ስነቀንቅ ዝም ካለ ደህና ነው ብዬ አልፋለሁ፤ እሱ ግን ጠፍቷል። በአምስተኛው ወር ደግሞ የቀዩ ገመድ አንገቱ ላይ ውስጥ ለውስጥ ተበጠሰ። ከውጭ ምንም አይታይም። አሁን ከመለካቴ በፊት ሁለቱን ጫፎች አነካካለሁ፤ ካልጮኸ አላምነውም።

ቮልት ላይም ብቻውን አይበቃም። 12 ቮልት እያሳየ መብራቱ እምቢ ሊል ይችላል፤ ከተበላ ሽቦ የተረፈች አንዲት ክር ለቴስተሩ ትበቃዋለች፣ ለአምፖሉ አትበቃም። ለዚህ ሁለት ሽቦ የተቀጠለለት የ12 ቮልት አምፖል ይሻላል። ድጋሚ ብገዛ ያንኑ ቴስተር ነው የምገዛው። ገመዱን ግን ገና ከካርቶኑ ሳወጣው በለስላሳ እቀይርለታለሁ።