ረጅም ደብዳቤና አጭር መልስ፦ የአንድ የሰብሳቢዎች መለዋወጫ አገልግሎት ግምገማ

ቴምብርና ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች ትርፍ የሆነባቸውን ከሌላ ሰብሳቢ ጋር የሚቀያየሩበት አንድ የኢንተርኔት አገልግሎት ተጠቃሚ ከሆንኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ ደግሞ በአባላት መካከል አለመግባባት ሲነሣ ሁለቱን ወገን ሰምተው ከሚያስታርቁ ፈቃደኞች አንዱ ነኝ። አሠራሩ ቀላል ነው። አባሉ ትርፍ ያለውንና የሚፈልገውን በሁለት ዝርዝር ያስመዘግባል፤ አገልግሎቱ የአንዱን ትርፍ ከሌላው ፍላጎት ጋር አገናዝቦ ለሁለቱም ያሳውቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በሁለቱ ሰዎች መልእክት የሚያልቅ ነው። ስለ ዝርዝሩና ስለ ማገናዘቡ የምለው ጥቂት ነው፤ በደንብ ይሠራል፣ የጎደለኝን ቴምብር እኔ ራሴ ፈልጌ ከማገኘው በፊት አግኝቶልኛል። ልቆይበት የምፈልገው የመልእክቱ ክፍል ላይ ነው፤ ምክንያቱም ለሽምግልና የቀረቡልኝ ጉዳዮች አብዛኞቹ፣ መዝገቡን ገልጬ ሳነበው፣ ዕቃው ምንም ሳይጎድለው በዕድሜ የተራራቁ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን አጻጻፍ በተሳሳተ መንገድ ተረድተው የተቋረጡ ናቸው።

በዕድሜ የገፉት ሰብሳቢዎች ይህን ሥራ የተማሩት በፖስታ ነው። የሰብሳቢ ማኅበራት ቴምብር የተለጠፈበትን ትንሽ ደብተር ከአባል ወደ አባል በዙር ይልኩ ነበር፤ ደብተሩ የደረሰው ሰው የወደደውን ያነሣል፣ በባዶው ቦታ ላይ ይፈርማል፣ ሒሳቡን ይልካል፣ ደብተሩንም ለባለ ተራው ያሳልፋል። ከማያውቁት ሰው ጋር የሚደረግ ልውውጥም በደብዳቤ የሚጀመር ነበር። መልሱ ሳምንታት ስለሚፈጅ አንድ ደብዳቤ ሰላምታውን፣ የጸሐፊውን ማንነት፣ የዕቃውን ሁኔታና ጉድለት፣ በምትኩ የሚፈለገውን፣ ካልተስማሙም ዕቃው እንዴት እንደሚመለስ አንድ ላይ መያዝ ነበረበት። በዚያ ዓለም ጉድለቱን ሳይጠየቅ አስቀድሞ የጻፈ ሰው ታማኝ ሰው ነበር፤ ደብዳቤው የረዘመውም ለዚህ ነው። ወጣቶቹ ግን ወደ ስብስብ የገቡት የኢንተርኔት መገበያያው ኢቤይ እ.ኤ.አ. በ1995፣ የቡድን መወያያው ዲስኮርድ ደግሞ በ2015 ከተጀመሩ በኋላ በተፈጠረው ልማድ ውስጥ ነው። እዚያ ዕቃውን ፎቶው ይናገርለታል፤ ጥያቄ ካለ ወዲያው ይጠየቃል፤ መልስን ማሳጠርም የሌላውን ጊዜ ማክበር ነው። ሁለቱም ወገን በራሱ ሥርዓት ጨዋ ነው።

አንዱን ጉዳይ በቅርብ ላሳይ። አንድ አንጋፋ ሰብሳቢ ለአንድ ወጣት ስለ አንድ የብሪታንያ ቀይ ባለ አንድ ፔኒ ቴምብር አራት አንቀጽ ጻፉለት። ጥርሱን፣ ማለትም በቴምብሩ ጠርዝ ዙሪያ ያሉትን ቀዳዳዎች፣ በመለኪያ ቆጥረው 14 መሆኑን፣ በስተግራ ከታች አንድ ጥርስ ማጠሩን፣ ቴምብሩን ከአልበም ጋር ያያይዝ የነበረው ትንሽ ባለ ሙጫ ወረቀት በጀርባው ላይ ቅሪት መተዉን፣ ማህተሙ ቀለል ብሎ ቀኑ የሚነበብ መሆኑን ሁሉ ዘርዝረዋል። ወጣቱ የመለሰው አንድ የተቀሰረ አውራ ጣት ምስል ብቻ ነው። ሰውዬው ሦስት ቀን ጠበቁ፤ ሌላ ቃል ሲያጡ ልውውጡን ሰረዙ፤ ለእኔም «የጻፍኩትን አላነበበውም፣ ያነበበውም ከሆነ ንቆኛል» ሲሉ አመለከቱ። ወጣቱን ስጠይቀው ደነገጠ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦታል፤ እንዲህ በጥንቃቄ የጻፈለት ሰው ገጥሞት እንደማያውቅ፣ ጣቱም «ሁሉንም አንብቤ በሁሉም ተስማምቻለሁ፤ ይላኩልኝ» ማለት እንደሆነ፣ የራሱንም ቴምብር በፖስታ አሽጎ የእሳቸውን አድራሻ ሲጠባበቅ እንደ ነበር ነገረኝ።

የጥርስ ቆጠራው ጉዳይ ለወጣቶቹ ከመጠን ያለፈ ጥንቃቄ ሊመስላቸው ይችላልና እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1840 የወጣው የመጀመሪያው ተለጣፊ ቴምብር ጥርስ አልነበረውም፤ በመቀስ ነበር የሚቆረጠው። ባለ ጥርሱ ከ1854 ጀምሮ ሲመጣ ይኸው ቀዩ ቴምብር በመጀመሪያ በ16፣ ቀጥሎም በ14 ጥርስ ወጥቷል፤ ቁጥሩ በ2 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ያለው የቀዳዳ ብዛት ነው። በስልክ በተነሣ ፎቶ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል፣ በስብስብ ውስጥ ያላቸው ቦታ ግን የተለያየ ነው። ስለዚህ አንጋፋው «14» ብለው ሲጽፉ ፎቶው የማይሰጠውን መረጃ እየሰጡ ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሄደው ስሕተት በሳንቲም ላይ የደረሰው ነው፤ ይህኛው ይበልጥ አሳዝኖኛል። አንድ ሌላ አዛውንት የሚልኩትን ሳንቲም ሁኔታ በአማርኛ «በጣም ጥሩ» ብለው ገለጹት። ተቀባዩ ልጅ ፖስታውን ሲከፍት ያገኘው ጽሑፉ የደበዘዘ፣ ምስሉ ጠፍጣፋ ወደ መሆን የተቃረበ ሳንቲም ነበር፤ አንድ ኮከብ ሰጣቸውና ሥሩ «ውሸት» ብሎ ጻፈ። ሰውዬው ግን አልዋሹም። በቀደመው የሰብሳቢዎች መለኪያ «ቬሪ ጉድ» የሚባለው ደረጃ እጅግ ያገለገለ ሳንቲም የሚሰጠው ነው፤ ከእሱ በላይ «ፋይን»፣ ከዚያ «ቬሪ ፋይን»፣ ከዚያም ሌሎች ደረጃዎች አሉ። አሜሪካዊው የሳንቲም አጥኚ ዊልያም ሼልደን እ.ኤ.አ. በ1949 ባስተዋወቀውና ኋላ የደረጃ ሰጪ ድርጅቶች በተቀበሉት የ1 እስከ 70 መለኪያ ሲቀመጥ ያ «በጣም ጥሩ» 8 ወይም 10 ብቻ ነው፤ በዝውውር ያልዋለ ሳንቲም የሚጀምረው ከ60 ነው። አዛውንቱ ያደጉበትን ቃል ቃል በቃል ተርጉመው በትሕትና ዝቅተኛውን ደረጃ ተናገሩ፤ ልጁ በቁጥር ማሰብ የለመደ በመሆኑ ቃሉን እንደ ተራ ሙገሳ ወሰደው። ለሁለቱም ያስረዳሁት በአንድ መልእክት ነው፤ ኮከቡ ተነሣ፣ «ውሸት» የሚለው ቃል ግን በሰውየው ገጽ ላይ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነበር።

እነዚህን ሁለት ጉዳዮች አስቀድሜ ያነሣሁት የአገልግሎቱን ምርጥ ክፍል ለማመስገን እንዲመቸኝ ነው። ከስድስት ወር በፊት የገባው የዕቃ ሁኔታ መግለጫ ቅጽ ከዚያ በፊት በደብዳቤና በፎቶ መካከል የነበረውን ክፍተት በእጅጉ አጥብቧል። ለቴምብር የጥርስ ቁጥር፣ የሙጫው ሁኔታ፣ የማያያዣ ወረቀት ቅሪት መኖር አለመኖሩ፣ የማህተሙ ዓይነት ሳይሞላ ልውውጡ አይቀጥልም፤ ለሳንቲም ደግሞ የቃል ደረጃው ሲመረጥ የቁጥር አቻው ከጎኑ ይታያል፣ ሳንቲሙ ተወልውሎ ወይም ታጥቦ እንደ ሆነም ይጠየቃል። የፊትና የኋላ ምስልም ግዴታ ነው። አንጋፋዎቹ የሚጽፉት ሳይቀንስባቸው፣ ወጣቶቹም ሳያረዝሙ የሚፈለገውን ሁሉ እንዲናገሩ ያደረገ ሥራ ነውና ያሰቡት ሰዎች ሊመሰገኑ ይገባል። እኔ ዘንድ የሚቀርበው አቤቱታ ቅጹ ከመጣ ወዲህ መቀነሱን ራሴ አይቻለሁ።

ድክመቱ ያለው ከቅጹ ውጭ ነው። መልእክቱ መነበቡን የሚያሳየው ምልክት ለወጣቶቹ ምንም አይደለም፤ ለአንጋፋዎቹ ግን ተነብቦ ያልተመለሰ ደብዳቤ ማለት ፊት ማዞር ነው። ከዚህ የባሰው ልውውጡ በ72 ሰዓት ውስጥ በሁለቱም ካልጸደቀ ራሱን መሰረዙ ነው። ይህ ጊዜ ለፈጣን ውይይት የተለካ ነው፤ መጽሐፉን አውጥቶ፣ ቴምብሩን በማጉያ መነጽር አይቶ፣ አስቦ ለሚጽፍ ሰው ግን አይበቃም። ሲሰረዝ ደግሞ በገጹ ላይ «ያልተጠናቀቀ ልውውጥ» ተብሎ ይመዘገባል፤ በዚህም አንድም ሰው ሳያታልሉ በጥንቃቄያቸው ብቻ መጥፎ ስም ያተረፉ አባላት አሉ። ጊዜውን አባላቱ በስምምነት እንዲያራዝሙት መፍቀድ ከባድ ነገር አይመስለኝም።

በአማርኛ ለምንጻጻፍ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። አባሉ በገጹ ላይ የሚታየው በቅጽል ስምና በአንድ ቴምብር ምስል ብቻ ስለሆነ የምንጽፍለት ሰው አያት ይሁን ተማሪ፣ ወንድ ይሁን ሴት አናውቅም፤ ቋንቋችን ደግሞ ከመጀመሪያው ግሥ ጀምሮ «አንተ»፣ «አንቺ» ወይም «እርስዎ» እንድንመርጥ ያስገድደናል። ወጣቶቹ እኩያ የሚያወሩ መስሏቸው «አንተ» ይላሉ፤ ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰው ደግሞ ይህን በመጀመሪያው መስመር ሲያነቡ የቀረውን የሚያነቡት በከፋው ልብ ነው። አንዲት አንጋፋ ሰብሳቢ ሁሉም ሰው በወንድ አንቀጽ እንደሚጽፍላቸውና ማረሙ ስለ ታከታቸው ትተውት እንደሚኖሩ ነግረውኛል። አባሉ እንዴት ሊጠራ እንደሚወድ የሚገልጽ አንድ መስመር በገጹ ላይ ቢጨመር ይህ ሁሉ ይቀር ነበር።

ሌላው ቅሬታዬ ልውውጡ ካለቀ ከሠላሳ ቀን በኋላ የመልእክቱ መዝገብ መጥፋቱ ነው፤ ይህንን እንደ ቀላል የቦታ ቁጠባ ያዩት ይመስለኛል። በእነዚያ ረጃጅም ደብዳቤዎች ውስጥ ግን በየትኛውም ካታሎግ ተሟልቶ የማይገኝ የእጅ ዕውቀት አለ። ከፒቪሲ ፕላስቲክ የተሠራ ለስላሳ ኪስ ከጊዜ በኋላ በሳንቲም ላይ አረንጓዴ የሚያጣብቅ ነገር እንደሚተው፣ ሳንቲም በጠርዙ እንጂ በፊቱ እንደማይያዝ፣ የቆሸሸ መስሎ የታየን ሳንቲም ማጽዳት ዋጋውን እንደሚያጠፋ እኔ የተማርኩት ፊታቸውን አይቼ ከማላውቃቸው አንድ ሰው ደብዳቤ ነው። ያ ደብዳቤ ዛሬ የለኝም። ትምህርቱ ከአንድ ወገን ብቻ የሚፈስም አይደለም፤ በስልክ ካሜራ ፈንታ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ጥራት ስካን ማድረግን፣ የጥርጣሬ ቴምብርን ምስል ከትክክለኛው ምስል ላይ አደራርቦ ልዩነቱን ማየትን ለአንጋፋዎቹ ያሳዩት ወጣቶቹ ናቸው፤ አንድ ተመሳስሎ የተሠራ የላይ ማህተምም (በታተመ ቴምብር ላይ ኋላ የሚታተም ጽሑፍ) በዚሁ መንገድ ሲጋለጥ ተመልክቻለሁ።

የድምፅ መልእክቱን በተመለከተ ከጠበቅሁት የተለየ ነገር አይቻለሁ። ለወጣቶች የተጨመረ መስሎኝ ነበር፣ ሆኖም በብዛት የሚጠቀሙበት መተየብ የሚያደክማቸው ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ድምፃቸው ሲሰማ ደግሞ ጽሑፋቸው ላይ ቁጣ የሚመስለው ነገር ሁሉ ይለዝባል። አድማጩ ወጣት ግን የአምስት ደቂቃ ድምፅ ውስጥ የጥርሱን ቁጥር ፍለጋ ወደፊትና ወደኋላ ሲል ይውላል፤ ስለዚህ ቁጥር በጽሑፍ፣ ሰላምታና ማብራሪያ በድምፅ ቢሆን እመክራለሁ።

በአጠቃላይ አገልግሎቱን ለጀማሪም ለአንጋፋም ሰብሳቢ እመክራለሁ፤ ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ፣ አንዱን ያስቀረሁት ስለ 72 ሰዓቱና ስለሚጠፉት ደብዳቤዎች ነው። አዲስ ለሚገባ ሰው የምለው፣ የማያውቁትን ሰው «እርስዎ» ብለው ይጀምሩ፤ ለመመለስ ጊዜ የሚያስፈልግዎ ከሆነ ደብዳቤው እንደ ደረሰዎና መቼ እንደሚጽፉ በአንድ መስመር ያሳውቁ። የቀዩ ቴምብር ባለቤትና ያ ወጣት ልውውጣቸውን እንደገና ከፍተው ጨርሰዋል። ሰውዬው አሁንም አራት አንቀጽ ነው የሚጽፉት፤ ከፊርማቸው በላይ ግን አንድ አዲስ ዐረፍተ ነገር ጨምረዋል፦ «ከተስማሙ እባክዎ ‹ተስማምቻለሁ› ብለው በቃል ይጻፉልኝ።»