የእናቴን ቤት ላዳኑልን ፎርማን፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ጎረቤቶቼ። ለቡ፣ ጀሞ፣ አቃቂና ቦሌ አካባቢ ቤት ያላችሁ በተለይ ጊዜ ሰጥታችሁ አንብቡልኝ። ግድግዳችሁ በተሰነጠቀ ቁጥር ልስን ሠሪ የምትጠሩ ከሆነ ደግሞ ከመደወላችሁ በፊት።

የእናቴ ቤት ለቡ ነው። አባቴ በሕይወት ሳለ በ2001 ዓ.ም. ያሠራው፣ የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው መለስተኛ ቪላ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ማዕዘን አንድ ስንጥቅ ተነሣና የብሎኬቱን መገጣጠሚያ ተከትሎ ደረጃ በደረጃ ወደ ኮርኒሱ ወጣ። የሚገርመው ጠባዩ ነው። መጋቢት ላይ ጣቴን ያስገባል፣ በሩም አልዘጋ ይላል፤ ነሐሴ ላይ ስንጥቁ ፀጉር አክሎ ይጠባል፣ በሩም ምንም እንዳልሆነ ይዘጋል። እማዬ የሆነ ክፉ ነገር ገብቶበታል ብላ ጠበል አስረጭታለች።

ኮንትራክተር ነኝ ያለ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አስከፍሎ በሲሚንቶ ደፈነው። ሁለቱንም ጊዜ በዓመቱ ያው ቦታ፣ ያው ስንጥቅ። ሌላው ደግሞ ግድግዳው ፈርሶ ኮለን (የኮንክሪት ምሰሶ) ይግባበት ብሎ የጠራው ዋጋ እማዬን «ሸጬው አንቺ ዘንድ ልግባ» አሰኛት። ይኼኔ ነው የሥራ ባልደረባዬ እኚህን ሰው የጠቆመችኝ።

ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግንባታ ላይ የኖሩ ፎርማን ናቸው። በኅዳር 2015 መጡ። ስንጥቁን ላሳያቸው ወደ መኝታ ቤት ስመራቸው እሳቸው በግቢው ዞሩ። አሸንዳውን አዩ፣ የአሸንዳው ቱቦ የት እንደሚያፈስ አዩ፣ የጎረቤትን ባሕር ዛፍ ቀና ብለው አዩ። ከዚያ እማዬን «እትዬ፣ የልብስ እጣቢ የት ነው የሚደፉት?» አሏት። እማዬ በኩራት በስተሰሜን ያለውን ማዕዘን አሳየች። ጤና አዳሟንና ጽጌረዳዋን የምታጠጣበት ቦታ ነው፤ በጋ ከክረምት ደርቆ አያውቅም።

በማግሥቱ አንድ የቀን ሠራተኛ ይዘው መጥተው ስንጥቁ ባለበት በደቡቡ ማዕዘን አስቆፈሩ። የድንጋይ መሠረቱ 90 ሳንቲሜትር ላይ አለቀ። ከሥሩ ያለው ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ እንደ ጭቃ ማስቲካ የሚለጠጥ ዋልካ አፈር ነው። ከ2 ሜትር በላይ ሲወርዱ ነው ጠጠር ያለበት ጠንካራ ቡናማ አፈር የተገኘው። ጋሼ ከዋልካው ዘግነው አደረቁ፣ ፈጩ፣ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ አንድ ጣት ያህል ጨመሩና «ነገ እዪው» ብለውኝ ሄዱ። ጠዋት ብርጭቆው ውስጥ ያለው አፈር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ላቦራቶሪ ውስጥም ይህንኑ በተመዘነ ልክ ነው የሚያደርጉት።

ነገሩን ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ዋልካ ውስጥ ያለው ሸክላ እንደ ተደራረበ ስስ ቅጠል ነው፤ ውሃ በቅጠሎቹ መካከል ሲገባ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። የሽምብራ ማሳ በበጋ እግር እስኪያስገባ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። አድአ ላይ ለነጭ ጤፍ የሚመሰገነው አፈር፣ ቤት ሲሠራበት ግን በዓመት አንዴ ከፍ ዝቅ ይላል። ትልቅ ፎቅ በክብደቱና በጥልቅ መሠረቱ ይቋቋመዋል፤ የሚጎዳው እንደኛ ያለው ቀላል ቤት ነው፣ ከእሱም ይልቅ የግቢ አጥር። (የሰፈራችንን አጥሮች ቀና ብላችሁ እዩ፣ ቱንቢ የሚይዝ ስንት ታገኛላችሁ?)

ቤቱ በሙሉ እኩል ቢነሣና እኩል ቢወርድ ኖሮ ብዙም ባልከፋ። ችግሩ ወጣ ገባው ነው። በሰሜን በኩል በእማዬ እጣቢና በአሸንዳው ውሃ አፈሩ ዓመቱን ሙሉ አብጦ ይቆያል። በደቡብ በኩል ባሕር ዛፉ በበጋ ያለችውን እርጥበት መጥጦ ስለሚጨርስ አፈሩ ይሸበሸብና ማዕዘኑ አብሮ ይወርዳል። ቤቱ መሃል ላይ ይቀደዳል። ክረምት ሲመጣ ሁለቱም ወገን ስለሚጠግቡ ስንጥቁ ይገጥማል። ለዓመታት ያልገባን ነገር በአሥር ደቂቃ ገባን።

እኔ ወዲያው ባሕር ዛፉን ለማስቆረጥ ከጎረቤት ጋር ልጣላ ተነሣሁ። ጋሼ ከለከሉኝ። ዛፉ ባንዴ ከተቆረጠ የደረቀው አፈር ያጣውን ውሃ መልሶ ይጠጣና ያንኑ ማዕዘን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ መጀመሪያ መሠረቱ ይያዝ አሉ። እኔን ያሸነፈኝ ግን ከዚህ በኋላ ያሉት ነው፦ «ልጄ፣ ዘንድሮ አልሠራም። ዓመቱን ልየው።» ስንጥቁ ላይ በሦስት ቦታ ጄሶ ለጠፉ (ግድግዳው ከተነቃነቀ ጄሶው ተሰንጥቆ እንዲያሳይ)፣ በእርሳስ ቀን ጻፉበት፣ የአንድ ቀን አበል ተቀብለው ሄዱ። ገንዘብ ልክፈል እያልኩት «ቆይ» ያለኝ የግንባታ ሰው ከዚያ በፊት አላጋጠመኝም።

የዚያን ዓመት ያዘዙን ሥራ ርካሽ ነበር። እጣቢው ወደ ፍሳሽ መስመር ሄደ። ጤና አዳሙና ጽጌረዳው ከግድግዳው ርቀው ተተከሉ (እማዬ ለሁለት ሳምንት አኩርፋለች)። የአሸንዳው ቱቦ ተቀጥሎ ውሃውን ከግቢ ውጭ እንዲያፈስ ተደረገ። ጄሶዎቹ ጥር ላይ ሦስቱም ተሰነጠቁ። በሚቀጥለው በጋ ሲለኩት ግን ክፍተቱ ካለፈው ዓመት ግማሽ አልሞላም። ውሃውን በማስተካከል ብቻ!

በጥር 2016 ወደ ዋናው ሥራ ገቡ። የደቡቡን ማዕዘን መሠረት ሥሩን እያስቆፈሩ እስከ ጠንካራው አፈር በኮንክሪት አወረዱት። ባንድ ጊዜ አይደለም፤ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው፣ ጎኑን በእንጨት ደግፈው፣ ሞልተው፣ አጠገቡን ሳይነኩ አልፈው ሌላ ይቆፍራሉ። የተዘለሉት ቦታዎች የተቆፈሩት የመጀመሪያዎቹ ኮንክሪቶች ሳምንት ውሃ ከጠጡ በኋላ ነው። በአዲሱ ኮንክሪትና በድሮው ድንጋይ መካከል የቀረውን ክፍተት ውሃ ባነሰው ሙርታ በመዶሻ ጠቀጠቁት። ጉድጓዱን በወጣው ዋልካ መልሰው አልሞሉም፤ ገረጋንቲ (የማያብጥ የሙሌት አፈር) አምጥተው በየንብርብሩ አስደቀደቁ። አሸዋ ይቀላል ብዬ ነበር፣ ውሃ ይሰበስብልሻል ብለው ከለከሉኝ። በመጨረሻ ቤቱን ዙሪያውን ወደ ውጭ ያዘነበለ፣ አንድ ሜትር ተኩል ስፋት ያለው ኮንክሪት አለበሱት።

ስንጥቁ የተደፈነው ከሁሉም በኋላ፣ ክረምቱ አልፎ በኅዳር 2017 ነው። እሱን እኮ ሁለት ጊዜ ቀድመን ስናስደፍን ነበር!

ጉድለታቸውንም ልናገር፣ ማሞካሸት ብቻ እንዳይሆን። ስልካቸው ከሰዓት በኋላ አይነሣም። በሁለት ሳምንት ይጨርሱታል የተባለው ሥራ ከአንድ ወር በላይ ወስዷል። የዋጋ ዝርዝር በጽሑፍ ለማግኘት ደጋግሞ መጠየቅ ያስፈልጋል፣ ጠይቁ። ቤታችሁ ፎቅ ከሆነ ወይም ኮለኑ ራሱ ከተሰነጠቀ ደግሞ እሳቸው ራሳቸው «መጀመሪያ ስትራክቸራል ኢንጂነር አስዩ» ብለው ይመልሷችኋል፤ የእህቴን ባል እንዲህ ብለው መልሰውታል።

ጋሼ፣ ይህን ልጅዎ ያነብልዎት ይሆናል። እማዬ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላለች። ስንጥቁ ከተደፈነ በኋላ ከበሩ ጀርባ የለጠፏት የመጨረሻዋ ጄሶ ቀኗን እንደያዘች አለች፤ ቀለም ቀቢው ሊቀባት ሲል እማዬ እጁን ይዛ አስቀርታታለች። ሁለተኛው በጋ እየገባ ነው፣ እስካሁን አልተነቃነቀችም።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ጠዋት ደውሉ። ስለ ስንጥቁ ለማስረዳት አትቸኩሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እጣቢ የት እንደምትደፉ ነው።