የባጃጄ መሪ ዳምፐር፦ ከ7 ወር በኋላ ያየሁት

ድሬ ላይ ባጃጅ መንዳት ከጀመርኩ 6ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደ ፊት ጎማ መንቀጥቀጥ ያስመረረኝ ነገር የለም። ሞተር ሲያስቸግር ጋራዥ ወስደህ ትገላገላለህ። ይሄ ግን ተሠራ ተብሎ ወጥቶ በሳምንቱ ይመለሳል። በመጨረሻ ጥር ላይ ለሞተር ሳይክል የሚሠራ የመሪ ዳምፐር (የመሪን መንቀጥቀጥ የሚያበርድ ዕቃ) ገዝቼ አስገጠምኩ። አሁን ነሐሴ ነው። ለመግዛት የምታስቡ ስላላችሁ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ችግሩን ባለ ባጃጅ ሁሉ ያውቀዋል። ከሳቢያን ወደ ከዚራ ስመጣ አስፋልቱ ባዶ ሆኖ ካገኘሁት ትንሽ እረግጣለሁ። 40 አካባቢ ስደርስ መሪው እጄ ላይ ግራ ቀኝ መምታት ይጀምራል። መጀመሪያ በስሱ ነው። ከዚያ ራሱ ራሱን እያባባሰ ይሄዳል። ፍሬን ስይዝ ደግሞ ይብስበታል። አንድ ቀን ቀፊራ ገበያ ውለው የሚመለሱ እናት ከነዘንቢላቸው ጭኛለሁ። ጎማው ሲጀምረው ደንግጠው ብረቱን ያዙ። «አቦ ቀስ በል የኔ ልጅ! ጎማው ሊወልቅ ነው እንዴ?» አሉኝ። «አይወልቅም እማማ» አልኳቸው። ውስጤ ግን እርግጠኛ አልነበረም። ዳምፐሩን ለመግዛት የወሰንኩት ያን ዕለት ነው።

ዕቃው በዘይት የተሞላ ቀጭን ቱቦ ነው። ውስጡ ፒስተን አለ። አንዱ ጫፍ ከባጃጁ አካል፣ ሌላው ከመሪው ጋር ይታሰራል። መሪውን ቀስ ብላችሁ ስታዞሩ ዘይቱ በጠባቧ ቀዳዳ ተረጋግቶ ያልፋል፤ እጅ ላይ አይከብድም። ጎማው በፍጥነት ሲመታ ግን ዘይቱ ማለፊያ ያጣል። ምቱን እዚያው ይውጠዋል። እኔ 3,800 ብር ገዛሁት። ባጃጅ ላይ ማሰሪያ ቦታ ስለሌለው በያጅ ጋ ወስጄ ማሰሪያ ብረት በ600 ብር አሠራሁለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ከተገጠመ በኋላ መሪውን እስከ ጥግ ግራም ቀኝም አዙሩት። የኔ መጀመሪያ ሲታሰር ወደ ቀኝ ሙሉ በሙሉ አይዞርም ነበር፤ ፒስተኑ ቀድሞ ጫፍ ይደርሳል። ጠባብ መንገድ ላይ እንዲህ ቢያዝብህ ሰው ልትገጭ ትችላለህ። በማግስቱ ማሰሪያውን አስፈትቼ ቦታውን አስቀየርኩ።

የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ልዩ ነበሩ። 45 ላይ እንኳን መሪው ዝም። ማታ ቤት ስገባ ክንዴ አይዝልም። ለጓደኞቼ ሁሉ «ግዙ» አልኩ።

ሙቀቱ ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የድሬን ሚያዝያና ግንቦት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጠዋት ደህና ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ግን ያ መንቀጥቀጥ ተመልሶ ይመጣል። ዘይት ሲሞቅ ይቀጥናል፤ ሲቀጥን በቀዳዳዋ ቶሎ ያልፋል፤ መያዝ ያቅተዋል። በዚያ ላይ የደቻቱ አሸዋ አለ። አቧራው የፒስተኑን ዘንግ ይዞ እየገባ ማሸጊያ ጎማውን ይበላዋል። ግንቦት መጨረሻ ላይ ዘንጉ በዘይት ረጥቦ አገኘሁት።

በዚያው ሰሞን የአውሮፕላን ጥገና የሚሠራ የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ መጣ። ዳምፐሩን አሳየሁት። እሱ ግን ዳምፐሩን ትቶ የባጃጁን ፊት በክሪክ አስነሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ ወዘወዘው። ቋ፣ ቋ ይላል። «ይሄን ሳታጠፋ ነው ዳምፐር የገዛኸው?» አለኝ። አፈርኩ፤ ግን ደግሞ ደስ አለኝ። ለካ በሽታው ስም አለው።

አውሮፕላን ላይ ሺሚ ይሉታል አለኝ። ጎማው ልክ እንደ ሆስፒታል አልጋ ጎማ ከሚዞርበት ዘንግ ወደኋላ ቀርቶ ይጎተታል። ትንሽ ነገር ሲገፋው ለመመለስ ይሞክራል፤ ሲመለስ አልፎ ይሄዳል፤ እንደገና ይመለሳል። ልቅ ቦታ ካገኘ ውዝዋዜው ያድጋል። ኃይሉን የሚያገኘው ከራሱ ከጉዞው ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር የሚብሰው ለዚህ ነው። ሴስና 172 የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን የፊት ጎማዋ ላይ እንደኔው ዳምፐር አላት። ስትንቀጠቀጥ ግን መካኒኩ ዳምፐሩን ብቻ አያይም፤ የተበሉ ቡሾችን፣ ጎማውንና ሚዛኑን ጭምር ይፈትሻል። ሰዎች ራሳቸው ቤታቸው የሚገጣጥሟቸው አርቪ የሚባሉ ትንንሽ አውሮፕላኖችም አሉ። ባለ ፊት ጎማዎቹ ላይ ልዩ ሮንዴላ ተጨምቆ ጎማው በነፃ እንዳይዋልል ይይዘዋል። መጥበቁን የሚለኩት በሚዛን ስበው ነው፦ ወደ 10 ኪሎ አካባቢ። ሲላላ መልሰው ያጠብቁታል።

ደግሞ አንድ ደስ የሚል ነገር ነገረኝ። ፒያጆ የሚባለው የጣሊያን ኩባንያ አውሮፕላን ሠሪ ነበር። ቬስፓ ሞተሯን በ1946 እ.ኤ.አ. ያወጣት የፒያጆ መሐንዲስ ዳስካኒዮ የሄሊኮፕተር ሰው ነው። የፊት ጎማዋን በአንድ ጎን ክንድ ያንጠለጠላት የአውሮፕላን እግርን አርአያ አድርጎ ነው። የህንዱ ባጃጅ ኩባንያም ማምረት የጀመረው በፒያጆ ፈቃድ ነው። የኔም የፊት ጎማ በአንድ ጎን ክንድ ነው የተያዘው። ያን ቀን ባጃጄን በሌላ ዓይን አየኋት።

ወደ ሥራው ገባን። የመሪውን ዘንግ አወጣነው። የታችኛው ኩሽኔታ መቀመጫ ጉድጓድ ጉድጓድ ሠርቷል። ላይና ታቹን ቀየርን፤ ግራሶ ሞላን። ማጥበቁ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጎማው ከመሬት ተነስቶ መሪውን ስትነኩት በራሱ ክብደት ወደ ጎን መውደቅ አለበት፤ ስትወዘውዙት ግን ቋ ማለት የለበትም። ጎማው በአንድ ጎን ተበልቶ ስለነበር አዲስ ገዛሁ። ጎሚስታው ሲያሽከረክረው ቸርኬውም ትንሽ ተጣሞ ተገኘ። አቀናው።

ከዚያ ለመፈተን ብዬ ዳምፐሩን ፈትቼ 2 ሳምንት ያለሱ ነዳሁ። 40ን አልፌ እንኳን ስስ ንዝረት ብቻ ነው የቀረው። ስመልሰው እሷም ጠፋች።

እና ዳምፐሩ ጥሩ ነው? አዎ፣ ጥሩ ነው። ግን እኔ በተሳሳተ ቅደም ተከተል ነው የገዛሁት። የመጀመሪያዎቹ 2 ወራት ያ ሁሉ ልቅነት ተደብቆልኝ ኩሽኔታው እየተበላ ነበር። መንቀጥቀጡ ቢሰማኝ ኖሮ ቀድሜ እደርስበት ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ኩሽኔታ፣ ጎማ፣ ቸርኬ። ከተረፈ ገንዘብ ዳምፐር።

አሁን ዘንጉን ከአሮጌ ካላማዳሪ በቆረጥኩት ቁራጭ አልብሼዋለሁ፤ አቧራው ቀንሷል። ዘይቱ አሁንም ትንሽ ትንሽ ያነባል። ችግሩ ይሄ ዓይነቱ ተፈትቶ ዘይት አይሞላም፤ ሲያልቅ መጣል ነው። ቀጣዩን ስገዛ ማሸጊያው የሚቀየር እፈልጋለሁ፣ ዋጋው ቢጨምርም። ማሰሪያው የት እንደተበየደ ማየት የምትፈልጉ ጠዋት ጠዋት ከድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ነው የምቆመው።